ከሦስተኛው በፊት የመጣው አራተኛ ጥቅልል

«እስቲ እጅሽን አሳዪኝ። ቅባት ተቀብተሻል?»

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ በዚህ ጥያቄ ተጀመረ። ጠያቂው ጋሽ መኮንን ነበሩ፤ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያጫውቱ ኖረው፣ በሱዳን በኩል ተሰድደው ላስ ቬጋስ የገቡ ሰው። ዋተር ስትሪት ከሚባለው መንገድ ትንሽ ወረድ ብሎ በሚገኝ ሲኒማ ቤት ዋና የፊልም አጫዋች ነበሩ። እኔ እዚያው በር ላይ ሁለት ዓመት ትኬት ስቆርጥ ቆይቼ፣ ረዳታቸው ሆኜ ወደ ማሽኑ ክፍል መውጣቴ ነው። መቀባቴን ስነግራቸው ወደ መታጠቢያው ጠቆሙኝ።

«የበረሃው አየር ቆዳ ያደርቃል፣ አውቃለሁ። ይድረቅ። የጣትሽ አሻራ ፊልሙ ላይ ከቀረ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያየዋል።»

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ፊልም የሚመጣልን በቆርቆሮ ነበር። አንድ ፊልም አምስት ስድስት ጥቅልል ይሆናል፤ አንዱ ጥቅልል ሃያ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ሥራችን ቁጥር የተጻፈበትን መነሻ ከየጥቅልሉ ቆርጦ በሚቀጠሉበት ተራ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ጥቅልሎቹን በማጣበቂያ ቀጣጥሎ አንድ ማድረግ፣ ከዚያም ፊልሙን ለማሽኑ በሚያቀብለው ትልቅ ክብ ሰሃን ላይ ማስተኛት ነው። ጋሽ መኮንን አንድ ሕግ ነበራቸው፦ «እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚነበብ ቁጥር ብቻ ነው።» ይህን የሚሉት ቦርሳዬን እያዩ ነው። መጽሐፍ አይጠፋበትም ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በሁለተኛው ዓመት የከተማው ቤተ መጻሕፍት የፊልም ሂስ ውድድር አወጣ፦ በዚያ ወቅት በከተማው ስለታየ አንድ ፊልም፣ ዐሥር ገጽ፣ ሦስት ዳኞች። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ጽሑፋቸውን በሕዝብ ፊት ያነባሉ። ፈተና አልፌ አውቃለሁ፤ ያሰብኩትን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አንብቦልኝ አያውቅም። ይህን ፈለግሁ።

የመረጥኩት እኛ ዘንድ አንድ ሳምንት ብቻ የቆየ ትንሽ ፊልም ነበር። ባልና ሚስት የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ሚስቲቱ ታማ ትሞታለች፣ ትቀበራለች። ከቀብሩ ቀጥሎ በሕይወት ብቅ ትልና ስለ ጣሪያው ከባሏ ጋር ትጣላለች። በመጨረሻ ባልየው ብቻውን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሚስማር ይመታል። ዳይሬክተሩ ሙታንን ያለ ምንም ማብራሪያ እንዴት እንደመለሰ፣ ሐዘን ቀኖችን እንዴት እንደሚያደባልቅ በዐሥር ገጽ አስረዳሁ። ከተመልካቹ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ጽሑፉን ሐሙስ አስገባሁ።

ዓርብ ጠዋት ፊልሙን ልንመልስ ስፈታ፣ የሰቀልኳቸውን መነሻዎች በተራ አወረድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት፣ አምስት።

ቁጥሮቹን ደግሜ አነበብኩ። ፊልሙን የቀጠልኩ ዕለት ጠረጴዛው ጥግ ላይ መጽሐፍ ከፍቼ ነበር። ሙታንን ያስነሳው ዳይሬክተሩ አልነበረም።

ጋሽ መኮንን ሲሰሙ ስቀው ስቀው ወንበር ያዙ። «አስካለ! አልዓዛርን ያስነሳሽው አንቺ ነሻ!»

«ጋሼ፣ አይሳቁ። ጽሑፉን አስገብቻለሁ እኮ።»

«ታዲያ ማን ያውቃል? በዚህ ከተማ ይህን ፊልም ያሳየን እኛ ብቻ ነን። ዳኞቹም ያዩት ያንቺኑ ነው።»

«እኔ አውቃለሁ።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «ለሊንዳ ከነገርሽ ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ።» ትንሽ አሰቡና ኮታቸውን አነሱ። «ሥራሽን ቼክ ማድረግ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ነይ፣ አብረን እንግባ።»

ሥራ አስኪያጇ ሊንዳ ንግግር አታበዛም። «ስንት ጊዜ ታየ?» አለች።

«ሃያ አንድ ጊዜ።»

«ስንት ሰው ቅሬታ አቀረበ?»

«ማንም።»

«ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው» አለች። ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠችን፤ እኔን ለአንድ ወር ወደ ትኬት በር መለሰችኝ። ልንወጣ ስንል ግን ቀና ሳትል፣ «ቆርቆሮዎቹን የሚወስደው መኪና የሚመጣው ነገ እኩለ ቀን ነው» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ መኮንን ጥቅልሎቹን በተራቸው ቀጥለው አጫወቱልኝ። ባዶው አዳራሽ መሐል ብቻዬን ተቀመጥኩ። በተራው ሲታይ ጠቡ ይቀድማል፣ ሞቱ ይከተላል። ተአምር የለም። ሳይታረቁ ነው የተለያዩት፤ ባልየው ጣሪያውን የሚጠግነው ለማትመለስ ሴት ነው። እኔ እሷን በማስነሳት ጸጸቱን አቅልዬለት ኖሯል።

የማስገቢያው ቀን ሰኞ ያበቃ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ የመጀመሪያውን ጽሑፍ መልሼ ወሰድኩና በምትኩ አዲስ ዐሥር ገጽ ሰጠሁ። እንዲህ ይጀምራል፦ «ይህን ፊልም ለአንድ ሳምንት ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ምን እንደጎደለበት አውቃለሁ።»

ሦስተኛ ወጣሁ። ሳነብ ጋሽ መኮንን ሱፍ ለብሰው ከኋላ ግድግዳ ሥር ቆሙ፤ የፊልም ድምፅ ሲያስተካክሉ እንደሚያደርጉት እጃቸውን ወደ ላይ ወደ ላይ ያደርጉልኛል፣ ከፍ አድርጊው ለማለት። ሳበቃ ከዳኞቹ አንዷ ወደ እኔ መጣች።

«ያን ሳምንት አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ አልቅሻለሁ» አለችኝ። «እንባዬን መልሺልኝ።»

«ቅዳሜ ጠዋት ያየሁት የበለጠ ያስለቅስ ነበር» አልኳት። ወረቀቴን ከእጄ ወስዳ ለራሷ አስቀረችው።

ወሩ ሲያልቅ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሠራሁበት። ከእኔ በኋላ ለገቡት ረዳቶች ሁሉ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ቁጥር ከመቀጠል በፊት ሁለት ጊዜ ይነበባል። መጽሐፍ ቦርሳ ውስጥ ይቆያል። የተቆረጠ መነሻ አይጣልም፤ ስህተትን ለማወቅም ሆነ ለማረም ያለው እሱ ብቻ ነው።