ድንኳን የማትገባዋ ሴት

ዝናብ የመታው ሸራ ሲሸተኝ ልቤ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ይሄዳል። ዛሬ ጠዋትም፣ በዚህ በሰው አገር፣ የመንገድ ሠራተኞች እርጥብ ሸራ ሲያጥፉ አይቼ ቆሜ ቀረሁ። የሰፈራችን የቅሬ ድንኳን ልክ እንዲያ ነበር የሚሸተው።

ቅሬ እንግዲህ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚቀባበርበት እድራችን ነው። እኛ ልጃገረዶቹ ለለቅሶ ቤት ውሃ እንቀዳለን፣ ሳህን እናጥባለን። የሴቶቹ ዳኛ፣ ማለት የቅሬው ሴቶች መሪ፣ እኔን የልጃገረዶቹ አለቃ አድርገውኝ ነበርና ማን መጣ፣ ማን ቀረ ስል እውል ነበር። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጎረቤታችን ግን እኔ አለቃ ከሆንኩ ወዲህ ድንኳን ገብታ አታውቅም። የሰው ለቅሶ የማይደርስ ደግሞ ከቅሬ ይወጣል፤ ሲሞትበትም ቀባሪ የለውም።

«እማማ፣ ይቺ ሴትዮ በጉባኤ ትጠየቅልኝ» አልኳቸው ለዳኛዋ።

«አለቃ አልኩሽ እንጂ ፖሊስ አልኩሽ?» ብለው ሳቁብኝ። «ለመሆኑ ቤቷ ገብተሽ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ሻርፓቸውን አጣፍተው ይዘውኝ ሄዱ። እዚያም ስለ ቅሬ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ከሴትዮዋ ጋር የሽንኩርቱን ገለባ ማራገፍ ያዙ። እኔ እቁነጠነጣለሁ። ቆይታ ቆይታ ራሷ ጀመረች።

«ማርያምን፣ ሰው ጠልቼ አይደለም። ልጄን ያለቀስኩት እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው። ደጁ ድረስ እመጣና እመለሳለሁ።»

«አብሽሪ ልጄ» ብለው እጇን ያዙ። «እንግዲያ አትግቢ። የለቅሶ ቤቱን ወጥ ሽንኩርት ከቤትሽ ክተፊልን፤ ይቺ ታመላልሰዋለች» አሉ፣ በአገጫቸው እኔን እያሳዩ።

በጉባኤው ቀን ወንዶቹ «ትውጣ!» አሉ።

«የሷን ሽንኩርት ያልበላ ካለ እሱ ያስወጣት» አሉ ዳኛዋ። ሳቅ ሆነ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። ለምን እንደማትገባ የነገረቻቸውን ግን ለማንም አላነሡም።

አሁን እዚህ የልብስ ማጠቢያ ቤት የሴቶች ኃላፊ ነኝ። አንዷ ሥራ ስታጓድል፣ ለምን ከማለቴ በፊት አጠገቧ ቆሜ አንሶላ አጥፋለሁ። ወላሂ፣ ነገሩ ራሱ ይመጣል።

አምና ዳኛዋ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከኮምቦልቻ ለለቅሶው የወጣችው እህቴ ስትደውልልኝ፣ ሽንኩርቱን ማን እንዳመላለሰ ጠየቅኳት።

«ማንም» አለችኝ። «ሴትዮዋ ራሷ ይዛው መጣች። ደጁ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ገባች።»