«ውሃው አይሆንም» ያልኩ ቀን

ይህ የሆነው አሰብ ሳለሁ ነው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሊነሳ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህ ግን አልጠፋም። ስላስለቀሰኝ አይደለም፤ አላለቀስኩም።

ሥራዬ ለመርከብና ለእንፋሎት ቦይለር የሚሄደውን ውሃ መመርመር ነበር። በእጅ የምትያዝ ትንሽ መለኪያ ነበረችኝ። ጫፏን ውሃ ውስጥ ስነክራት የጨውን መጠን በቁጥር ታሳየኛለች። የአሰብ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሲነክሯት ሺዎቹ ውስጥ ትገባለች።

ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድ ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ። ኩላሊታቸው ደከመና ወደ ጅዳ የሚወስዳቸውን ቪዛ ይጠብቁ ጀመር። የሚስታቸው ወንድም አብዱ ጅዳ ውስጥ በኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ሆኖ የሠራ ነው። እስከዚያው እንዲያቆያቸው ብሎ አሮጌ የእጥበት ማሽንና አንድ የውሃ ማጣሪያ በጀልባ ይዞ መጣ። አንድ ክሊኒክም ክፍል ፈቀደላቸው።

አብዱ ውሃውን እንድለካለት ጠራኝ። «ውሃው ውስጥ ያለው ሁሉ ደማቸው ጋ ይደርሳል» አለኝ።

የተጣራውን ለካሁት፤ ዘጠኝ አለ። ለእጥበቱ ከሚጨመረው መድኃኒት ጋር የተቀላቀለውንም ለካሁ፤ አብዱ በሚፈልገው ልክ ነበር። ደስ አለው። ጋሼ ሰይድን አምጥተው አልጋ ላይ አስተኟቸው።

አብዱ ከማሽኑ ጋር ሊያገናኛቸው ሲል ለማንኛውም ብዬ መለኪያዋን ውሃው ውስጥ ደግሜ ነከርኩ። አርባ። ቆይቼ ስለካ ዘጠና። መለኪያዋን አጥቤ ልኩ በሚታወቅ ፈሳሽ ፈተሽኳት፤ አልተሳሳተችም። ማጣሪያው ውስጡ ተቀዶ ነበር፤ ለአብዱ ነገርኩት። ሌላ ማጣሪያ ደግሞ አልነበረም።

ሚስታቸው እትዬ ዘሃራ «የመኪና ሹፌሮቹ ለባትሪ የሚይዙትን ጨው የሌለው ውሃ ብንሰበስብስ?» አሉ።

«ከመቶ ሊትር በላይ ነው የሚፈልገው እትዬ» አለ አብዱ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ዛሬን ብቻ እንለፈው። ቁጥሩን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ።

ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ጋሼ ሰይድ ሰምተውታል።

«ልጄ፣ ውሃው ይሆናል አይሆንም?»

«አይሆንም ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ። በሉ ጫማዬን አቀብሉኝ።»

አብዱ ማሽኑን አጠፋ። እትዬ ዘሃራ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አደረጉላቸው። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የዚያን ቀን ሌላ ሦስት ቦታ ለክቻለሁ፤ ቁጥሮቹንም በትክክል ጽፌያለሁ።

ጋሼ ሰይድ በአምስተኛው ቀን ቤታቸው ሞቱ። ቪዛውም አብዱ ከጅዳ ያዘዘው አዲስ ማጣሪያም አልደረሰም።

ለቅሶ ስሄድ አብዱ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ብናደርገውስ ኖሮ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ይህን የነገርኳቸው ሰዎች «ልክ ነሽ» ይሉኛል። ልክ እንደነበርኩ እኔም አውቃለሁ። ግን ልክ መሆኔ አያኮራኝም፤ አይጸጽተኝምም።

እትዬ ዘሃራ ግን ከተማዋን እስከለቀቅኩ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር ቆመው፣ ጉንጬን ስመው፣ የእናቴን ደህንነት ይጠይቁኝ ነበር። አንድም ቀን አላለፉኝም።