የማድ ቤቱ በሶብላ

አንዲት ተከራይ ሴትዮ የጋራውን ማድ ቤት መስኮት በበሶብላና በናና ከደፈነችው ወዲህ፣ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ባየቻት ቁጥር ደሟ ይፈላል። ለቅጠል ስትል የሰው ብርሃን ትዝጋ? ስሟን ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ «እትዬ ቅጠሎ» ነው የሚሏት። የማታወልቀው አረንጓዴ ሹራቧ ክርኑ ላይ ተበልቷል፤ የጥፍር መቀስ በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። በወተት ቆርቆሮ የተከለቻቸውን ችግኞች እንደ አራስ ልጅ ታገላብጣለች፤ ሌላ ሰው እጁን ከሰደደ ግን በማንኪያ ቸብ ታደርገዋለች።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ጉራዋ ነው። ሽንኩርቷን ጥዳ አንድ ቅጠል ትቀነጥስና በጣቶቿ ፈትጋ፣ አፍንጫዋ ሥር ይዛ፣ «ሽታው ደረሰሽ?» ትላለች። በየቀኑ! ልብስ ሰፊዋ አንድም ቀን መልሳላት አታውቅም።

ዛሬም እትዬ ቅጠሎ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ሽንኩርቱ አርሮ ቤቱን የቃጠሎ ሽታ ሞልቶታል፤ እሷ እቴ! ቅጠሏን ይዛ ቀርታለች። ልብስ ሰፊዋ በሆዷ «እንኳን አረረብሽ!» አለች።

«ሽታው ደረሰሽ?»

«ምንም አይሸትም!» አለቻት፣ ልታበሽቃት ብላ።

ሴትዮዋ ቅጠሉን ከአፍንጫዋ አወረደች። ከባድ ሸክም እንደወረደለት ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ተመስገን» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እኔ እኮ የተበላሸው አፍንጫዬ መስሎኝ ነበር።»