እትዬ አስካለን ፍለጋ

ማለዳ፣ ስድስት ኪሎ

«አንቺ ልጅ፣ ሳልሞት ተዝካሬን ልትደግሺልኝ ነው የመጣሽው?»

ጋሽ በየነ ናቸው፤ የፒያሳን ሱቆች ታፔላ ሲጽፉና ሲሥሉ ያረጁ ሰው። የድምፅ መቅጃዬን ገና ከቦርሳ ሳወጣ ነው እንዲህ ያሉኝ፣ ቤታቸው በር ላይ። የድሮ ሠዓሊዎችን ታሪክ በድምፅ ቅጂ ተብዬ ተልኬ፣ ባለፈው መጥቼም የቀዳሁት የእሳቸውን ሳል ብቻ ነው። ደክሞኛል። አለቃዬ ደግሞ ዛሬ ካላመጣሽ ሌላ ሰው እልካለሁ ብላኛለች።

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ ጋሼ?»

«ታፔላዬን ፈልጊልኝ። ከዚያ የፈለግሽውን እለፈልፍልሻለሁ።»

ውቤ በረሃ ለነበረ የሴቶች ፀጉር ቤት የሣሉት ነው። የሚሣል ሰው ሲጠፋ ሚስታቸውን እትዬ አስካለን ወንበር ላይ አስቀምጠው ሣሏቸው። እትዬ አስካለ አርፈዋል። ቤታቸው ጎርፍ የገባ ጊዜ ፎቶዎቹ ሁሉ ተበላሽተዋል። ፊታቸው የቀረው እዚያ ቆርቆሮ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ካለ።

ረፋድ፣ ፒያሳ

«ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ በሉ!» አለ የታክሲው ረዳት።

«አንተ ወፍረህ ቦታውን አጣበብከው እንጂ እኔማ ክር ነኝ!» አሉ አብረውኝ የመጡት ጋሽ በየነ።

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ ተኝቼ ነበር ማለት ይቻላል።

ፒያሳ አቧራ ነው። ግማሹ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀሩት ወርቅ ቤቶች ላይ የተሰቀለው ሁሉ በኮምፒውተር የታተመ ፕላስቲክ ነው። ጋሽ በየነ በየበሩ እየቆሙ ቀና ይላሉ። «እዚህ የኔ ነበር። እዚያም። ያኛውን ግን እኔ አልጻፍኩትም፤ እንዲህ አንገቱ የተጣመመ ፊደል ከእጄ አይወጣም!» ጫማዬ ተረከዜን ላጠው። ባንኮኒ ተደግፈን ማኪያቶ ጠጣንና ቀጠልን።

ከሰዓት፣ ውቤ በረሃ

ፀጉር ቤቱ የለም። ከጀርባው ባለው ግቢ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች።

«የሴት ሥዕል ያለበት ቆርቆሮ? የማድቤቴ ግድግዳ አይደል እንዴ!»

እውነትም። ሥዕሉ ወደ ውስጥ ዞሮ ጭስ አጥቁሮታል። ጋሽ በየነ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ እያሉ ጠረጉት። መጀመሪያ አንድ ዓይን ወጣ፣ ከዚያ ጉንጭ፣ ከዚያ ሹሩባ።

«ብንነቅለውስ?» አልኳት ሴትዮዋን።

«ዝናቡ ምድጃዬ ላይ ይግባ?»

«ተያት፣» አሉኝ ጋሽ በየነ። «ሙቀት ትወዳለች።»

ሴትዮዋ በርጩማ አምጥታላቸው ወጣች። ፊት ለፊት ተቀመጡ። መቅጃውን ከፍቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ።

«አስኩ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ስንቱን ዞርኩልሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺን ነገር አጥፊያት፣ ልጄ።»

ስልኬ ጠራ፤ አለቃዬ ናት። አላነሳሁም። መቅጃውን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ የማድቤቱን በር ገርበብ አደረግኩና ወደ ታክሲ ወጣሁ።