ባሕር ለማየት የወረድኩ ጊዜ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ከዛንዚባር ደውላ ነበር። ሻንጣዋን አዝላ አገር ላገር ትዞራለች። አሁን መንገደኞች በሚያርፉበት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆማ መጠጥ ትቀዳለች፤ ደመወዝ የለውም፣ አልጋና ምግብ ብቻ። እህቴ ነገሩ አልገባ ብሏት «ምን አጥታ ነው?» ትለኛለች። ልመልስላት ስል አሰብ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እንደጨረስኩ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ከአዲስ አበባ ወደ አሰብ ወረድኩ። ከባቲ በኋላ ነፋሱ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል። ሾፌሩ ዘመድ እንዳለኝ ጠየቀኝ፤ የለኝም። ሥራም የለኝም። ባሕር ለማየት ነው ስለው በጎን አየኝና መጠየቁን ተወ። አሰብ በክረምት ነዋሪው እንኳ የሚሸሻት ከተማ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ሾፌሩ ወደቡ አጠገብ ፓንሲዮን ለነበራቸው ለእትዬ ለተብርሃን አስረከበኝ። በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገራቸው። እሳቸውም አልጋና ምግብ ሊሰጡኝ፣ እኔም ቡና ቤቱን ላግዝ ተስማማን። ከፍሪጅ ያወጣሁት ቢራ ባንኮኒው ላይ ሳይደርስ ያልበው ነበር።

ሰዉ ግን ግራ አጋባኝ። ሾፌሮቹ የዓሣውን ጥሩ ጥሩ ሥጋ ወደ እኔ ይገፋሉ። አንድ የወደብ ጸሐፊ ዋና እችል እንደሆነ ጠየቀኝና፣ አልችልም ስለው አዝኖ ሄደ። አብራኝ የምትሠራው የደሴዋ ሰናይት ብርጭቆ እያጠበች «አትፈራም?» አለችኝ። ሙቀቱን መስሎኝ ይለመዳል አልኳት። ከዚያ ወዲህ እንደ ጀግና ታየኝ ጀመር።

አንድ ማለዳ እትዬ ለተብርሃን «ጀልባው ዛሬ ነው» ብለው ቴምርና ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። «ወደይ፣ ልጄ፣ ፈጣሪ ይከተልህ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ለጀልባ ሽርሽር ይህ ሁሉ ምርቃት ገረመኝ። ዓሣ ልታመጣ ከምትሄደው ከሰናይት ጋር በዓሣ መኪና ራሔይታ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ደረስን። አብደላ የሚባል የአፋር ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ይዞ ውሃው ውስጥ ቆሟል።

«ግባ፣ ነፋሱ ጥሩ ነው» አለኝ።

ወዴት እንደምንሄድ ጠየቅኩት። የመን አለኝ። ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም። ያኔ ሁሉም ገባኝ። ለካስ ለሁሉም ከደርግ የምሸሽ መስያቸው ኖሯል።

«እኔ እኮ ባሕር ለማየት ነው የመጣሁት።»

አብደላ ውሃውን አየ፣ እኔን አየ። «አየኸው?» አለኝ።

ሰናይት ቋጠሮውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደች። ወንድሟ ከታሰረ ወዲህ ደሴ መመለስ እንዳልቻለች የነገረችኝ ያኔ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጀልባው ላይ እየወጣች ነው። ለእትዬ ምን ልበላቸው ብላት «እውነቱን» አለችኝ። አንድ እግሬ ውሃ ውስጥ እንደቆመ ጀልባዋ እስክትጠፋ አየሁ። መሄድም መቅረትም እፈልግ ነበር።

እትዬ ለተብርሃን ሲያዩኝ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሆነውን ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ይሳቁ ያልቅሱ መለየት አቃተኝ።

ሰናይት ማዶ ምን እንደገጠማት ዛሬም አላውቅም። ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ይተኛ የነበረው ጓደኛዬ ከመማሪያ ክፍል ተጠርቶ ወጥቶ አልተመለሰም። ይህን አሰብ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለራሴም ቢሆን። ያ ሁሉ ሰው ፊቴ ላይ ምን አንብቦ ይሆን? እስካሁን ተሳስተውብኝ ነበር እያልኩ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ግን፣ የምሸሽ መሆኔን ከሁሉ በኋላ የሰማሁት እኔው ሳልሆን አልቀርም እላለሁ።