ጋሽ ወንድዬ የማያውቁት ጀርም

ጋሽ ወንድዬ ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ፣ ብረት መልቀም ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ታመው የተኙት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ሠርግ ቤት በልቼ ነው ይላሉ።

እኔ ፈትያ እባላለሁ፤ የሰፈሩ የጤና ባለሙያ ነኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ሽንት ቤት አያለሁ፣ ሕፃናት መከተባቸውን እጠይቃለሁ፣ ቁጭ ካላልሽ አትሄጂም እባላለሁ። ከጋሽ ወንድዬ ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ የተከራከርነው ስለ ቴታነስ ክትባት ነው።

«ሲስተር፣ የኔን ደም ብትመረምሪው የቆሼን ጀርም በሙሉ በስም ይጠራልሻል» ይሉኛል።

የሚያናድደው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ አንዴ የተዋጋውን ጀርም አይረሳም። ያው ጀርም ተመልሶ ሲመጣ ነጭ የደም ሴሎች ያውቁታል፤ የሚመቱበትንም ነገር ቶሎ ያወጣሉ። ይህን ያስረዳኋቸው እኔው ነኝ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

ባለፈው ኅዳር ሚስማር ረገጡ። የጫማቸውን ሶል በስቶ ተረከዛቸው ውስጥ ገባ። ነቀሉት፣ ከብረቱ ጋር ጆንያ ውስጥ ጨመሩት፣ ሥራቸውን ቀጠሉ። በአራተኛው ቀን ቤታቸው ስደርስ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው አሳዩኝ። ቀዳዳው ድፍን ብሏል። መግል የለም፣ እብጠት የለም፣ ትኩሳትም የለም።

«እይ እንግዲህ» አሉ። «ወታደሮቼ አንድ ሰው ሳይሞትባቸው ጨረሱት።»

መግል ማለት ሲዋጉ የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች እንደሆነ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። የቴታነስ ነገር ግን ሌላ ነው። ጀርሙ አየር አይወድም፤ እንዲህ ያለ ጠባብና ድፍን ቁስል ውስጥ ተቀምጦ መርዝ ይሠራል። ሰው ለመግደል የሚበቃው መርዝ ደግሞ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰውነት ልብ ብሎ አይማረውም። ቆሼ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት መዋል ስለ ቴታነስ ምንም አያስተምርም። የሚያስተምረው ክትባቱ ነው። ይህን ሁሉ ስናገር ጋሽ ወንድዬ ጥፍራቸውን ይቆርጡ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ኪሳቸው ከተቱት። ዘጠኝ ቤት ይቀረኝ ስለነበር ሄድኩ።

ከአምስት ቀን በኋላ ከባለቤታቸው ከእትዬ ተሻለች ጋር ግቢውን በሞላው ብረት የተነሳ ተጨቃጨቁ። ምሳ ላይ እትዬ ተሻለች ለዕርቅ ብለው ጠቅልለው ጉርሻ ዘረጉላቸው። ጋሽ ወንድዬ አፋቸውን አልከፈቱም፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም። ጉርሻ መመለስ እዚያ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ ተሻለች ጉርሻውን ራሳቸው በሉት፣ ከዚያ አኮረፉ።

በማግስቱ ጠዋት የጋሽ ወንድዬ ከንፈር ወደ ግራና ቀኝ ተስቦ ጥርሳቸው ገጦ ነበር።

«ጭራሽ ይስቅብኛል» ብለው እትዬ ተሻለች ለጎረቤት ከሰሱ።

ጎረቤት ለሽምግልና ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ አንድ ሰዓት ያህል መከሩ፣ ገሠጹ። ተከሳሹ አንድም ቃል ባለመመለሳቸው ትዕቢት ተቆጠረባቸው። በመጨረሻ ባለሱቁ ሀጂ ኢብራር «በቃ ወንድዬ፣ ተነስና ይቅርታ በላት» ብለው ትከሻቸውን ቸብ ሲያደርጓቸው ጋሽ ወንድዬ ደርቀው ወደ ኋላ ተለመጡ። ያኔ ነው የደወሉልኝ። አፋቸውን የቆለፈው ኩርፊያ ሳይሆን ቴታነስ ነበር።

ሆስፒታል ሃያ ሦስት ቀን ተኙ፤ ብርሃንና ድምፅ የጡንቻ መኮማተሩን እንዳያስነሳባቸው ክፍሉ ጨለማ ነበር። ከተከተቡ ሰዎች ደም የተዘጋጀ መከላከያ ተሰጣቸው። የራሳቸው ሠራዊት ስላልደረሰ በሰው ሠራዊት ተረፉ ማለት ነው። እትዬ ተሻለች ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ላገኙት ነርስ ሁሉ ስለዚያች ጉርሻ ይናዘዛሉ። እኔም የምናዘዘው ነበረኝ። ሦስት ዓመት ስመላለስ፣ በተበሳ እግራቸውም ፊት ቆሜ፣ አንዴም ቢሆን «ይሞታሉ» ብያቸው አላውቅም። አፈርኩ ይሆን፣ ተከባበርን ይሆን፣ አላውቅም።

መናገር ሲጀምሩ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ነርሷ የመጀመሪያውን ክትባት ይዛ ቆማለች።

«አሁንስ ሰውነቴ አውቆታል፤ ፊት ለፊት ተያይተናል» አሉኝ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

«አላወቀውም ጋሽ ወንድዬ። ታመው የዳኑም ይከተባሉ።»

«ይሄን ሁሉ አይቶ?»

«ይሄን ሁሉ አይቶ። ካልተከተቡ እንደገና ሊይዝዎት ይችላል። ያኔ ይሞታሉ።»

ጋሽ ወንድዬ ክንዳቸውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጡ። የመኪና ሞተር ያነሳ የነበረው ክንድ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ ነርሷ የምትወጋው ሥጋ ፈለገች። መርፌው ገብቶ ወጣ። ጋሽ ወንድዬ የተወጉበትን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህችው ናት?» አሉ።

«ይህችው ናት» አልኳቸው።