ለፋሲካ የቆየ እርቅ

ጁባ፣ ጀበል ሰፈር፣ አራት ኢትዮጵያውያን በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። ለቅበላ የገዛነው ሙክት በዋዜማው ጠፋ። እኔ በስጋ ቀልድ አላውቅም። ወጥቼ ስፈልግ ከጀርባችን ያለው ጎረቤት ጓሮ ውስጥ ተረጋግቶ ሲያመነዥክ አገኘሁት። ሰውዬው የአጥራችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ነው የወሰደው። ደሜ ፈላ፤ “ይታሰርልኝ” አልኩ።

ነገሩ ግን መጀመሪያ ሱልጣን ከሚሏቸው የሰፈሩ ሽማግሌ ዳኛ ዘንድ ቀረበ። ሙክቱ ማስረጃ ነው ተብሎ እሳቸው ግቢ ሰነበተ፤ እኛም ያለ ቅበላ ጾም ገባን።

ዳኝነቱ ሌሎች ሽማግሌዎችም በተሰበሰቡበት ዛፍ ሥር ሆነ። ጋምቤላ በስደት ያደገ የሥራ ባልደረባዬ ያስተረጉምልኛል። ጎረቤቴ አልካደም። “ማሌሽ፣ ይቅርታ” አለ አንገቱን ደፍቶ፤ “አማቶቼ ሊመጡብኝ ነበር፣ ቤቴ ባዶ ነው።” ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ሚስቱ ተነስታ፣ እሱ ከታሰረ ልጆቹን ማን እንደሚያበላ ጠየቀችኝ። ንዴቴም እዚያው በረደ።

ሱልጣኑ ፈረዱ፦ አጥሩን ይጠግን፣ ሙክቱ ይመለስ፣ ከዚያ ሁለታችንም ከአንድ ሳህን እንብላ። ተበዳይ አልበላም ካለ እርቅ የለም፤ ሰውዬው ለፖሊስ ይሰጣል።

ሚስቱ የዶሮ ጥብስ አቀረበች። እሱ እጁን ሰደደ፤ እኔ ሰበሰብኩ። ሴትዮዋ ማልቀስ ስትጀምር ነው የሆነው የገባኝ።

“ኧረ ጾም ሆኖብኝ ነው፣ ቶሎ ንገርልኝ” አልኩት ባልደረባዬን።

እሱ የእኛን ጾም ያውቀዋል። ወተትና እንቁላል እንኳ እንደማንነካ ሲያስረዳ ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

“ምግቡ እስከ ፋሲካ ይቆይ” አሉ ሱልጣኑ እንባቸውን እየጠረጉ። “እስከዚያ ሙክቱን የወሰደው ሰው ይቀልበው።”

ቀለበው፣ ያውም አንቀባሮ። አጥሩንም ከቀድሞው አጠንክሮ ሠራው። ጠዋት ጠዋት ሙክቱን እየጎተተ በራችን ላይ ያሳየናል፤ እኛም አይተን እናደንቃለን። ቀስ በቀስ ከሙክቱ ይልቅ እሱን መጠበቅ ጀመርን።

በፋሲካ ቤተሰቡን ይዞ መጣና ሙክቱን ራሱ አረደው። ጥብሱ ሲቀርብ “መጀመሪያ አንተ ብላ” አልኩት።

እሱ ግን ሳህኑን ወደ እኔ ገፋና ለባልደረባዬ አንድ ነገር ነገረው።

“ከዳኝነቱ ቀን ጀምሮ ስጋ አልበላሁም ነው የሚልህ” አለኝ ባልደረባዬ። “አንተን እየጠበቀ።”

የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ በእጄ አጎረስኩት።